የፌዴራል ዳኛ ጉዞ፦ ከሹመት እስከ ስንብት



ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር በምትባልበት ዘመን ዳኝነት ራሱን የቻለ ሙያ አልነበረም። ገዢው ግብር ያስገባል፣ ጦር ያዘምታል፣ ችሎት ተቀምጦም ይፈርዳል። የፍርድ ወንበር ከሹመት ጋር ይመጣል፤ ሹመት ሲሻርም ይሄዳል። ዳኛን ከገዢ የመለየቱ ሥራ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ታሪካችን ረጅም ምዕራፍ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለዚህ ሥራ ቅርጽ ሰጠው። በአንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ዳኛ እጩ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ተመርጦ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርቦ፣ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። በአንቀጽ 79 መሠረት ደግሞ ከጡረታ ዕድሜው በፊት ያለፈቃዱ የሚነሣው ጉባኤው በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የሥራ ችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ሲወስንና ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ብቻ ነው።

መንገዱ በጽሑፍ እንዲህ የጠራ ነው። በተግባር የተፈተነበትን ጊዜ ግን ማስታወስ ይገባል። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በ1993 ዓ.ም. በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ፣ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተጠርጣሪው ግን ወዲያው ተመልሰው ታሰሩ፤ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል የሕግ ማሻሻያም ወጣ። ዳኛዋ በኋላ ችሎቱን ለቀው ወደ ጥብቅና፣ ከዚያም ወደ ፖለቲካ ገቡ፤ ሁለት ጊዜም ታሰሩ። በ2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ።

ከዚህ የምንማረው የዳኛ ነጻነት በአሿሿም ብቻ እንደማይለካ ነው። የሚለካው ኃያላንን የማያስደስት ትእዛዝ በሰጠ ማግሥት ትእዛዙ በመከበሩና ዳኛው በወንበሩ በመቆየቱ ነው።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በሌለበት ሥልጣኑን በውክልና የሚሠራበት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ የሚያስችል የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛም በክልሉ ምክር ቤት ተሹሞ የፌዴራል ጉዳይ ያያል። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ነገ የሚሾመው ሰው፣ ወንበሩ በየትኛውም እርከን ቢሆን፣ ያው ፈተና ይጠብቀዋል። ሕጉን ማጥናት የዝግጅቱ ግማሽ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ከእርሱ በፊት በወንበሩ የተቀመጡትን ሰዎች ታሪክ ማወቅ ነው።