የሕዝብ እንደራሴ ሚኪ ሌላንድ፦ ከሂዩስተን እስከ ጋምቤላ

በአዲስ አበባ ከተማ በስማቸው የተሰየመ መንገድ አለ። ሚኪ ሌላንድ አሜሪካዊ የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ሲሆኑ፣ ሕይወታቸው ያለፈው ስደተኞችን ለመጎብኘት በኢትዮጵያ ምድር በመጓዝ ላይ ሳሉ ነው። ይህ ጽሑፍ የአገልግሎት ዘመናቸውን በአጭሩ ያስታውሳል።

ልደትና ትምህርት

ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ፣ በዘወትር መጠሪያቸው ሚኪ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1944 በቴክሳስ ግዛት በሉቦክ ከተማ ተወለዱ። ያደጉት ግን በሂዩስተን ከተማ፣ ፊፍዝ ዋርድ በተባለ ድሃ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመርቀው በዚያው በመምህርነት አገልግለዋል። በወጣትነታቸው በድሃ ሰፈሮች ቤት ለቤት የሚካሄድ ዘመቻ በማስተባበር፣ ነዋሪው ምን ዓይነት ሕክምና ማግኘት እንደሚችል እንዲያውቅ አድርገዋል። አገልግሎት መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃና ተገልጋዩ ሊያውቀውና ሊደርስበት እንደሚገባ የተገነዘቡት በዚህ ሥራ ነበር።

በግዛት ምክር ቤት

እ.ኤ.አ. በ1972 ለቴክሳስ ግዛት የተወካዮች ምክር ቤት ተመርጠው ለሦስት የሥራ ዘመናት አገልግለዋል። የመድኃኒት ባለሙያ እንደመሆናቸው የመድኃኒት ዋጋ በድሃው ላይ የሚያደርሰውን ጫና ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በመሆኑም ፈዋሽነታቸው ተመሳሳይ ሆኖ ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆነ ጄኔሪክ መድኃኒቶች ለሕዝቡ እንዲዳረሱ አጥብቀው ተሟግተዋል።

በኮንግረስ

እ.ኤ.አ. በ1978 የታዋቂዋን እንደራሴ የባርባራ ጆርዳንን ወንበር ተወዳድረው በማሸነፍ ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጡ። እ.ኤ.አ. በ1984 በምክር ቤቱ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም በማድረግ በሰብሳቢነት መሩት። ኮሚቴው ሕግ የማርቀቅ ሥልጣን ስላልነበረው፣ ዋነኛ መሣሪያው የችግሩን እውነታ በማስረጃ ማቅረብ ነበር።

አገራችን በ1977 ዓ.ም. በከባድ ድርቅና ረሃብ በተጎዳችበት ወቅት፣ ሌላንድ የኮንግረስ ልዑካን ቡድን በመምራት በአፍሪካ የረሃቡን ሁኔታ በዓይናቸው ተመለከቱ። የአሜሪካና የኢትዮጵያ መንግሥታት ግንኙነት በሻከረበት በዚያ ዘመን፣ የፖለቲካ ልዩነት ለተራበ ሰው እህል መከልከያ ሊሆን እንደማይገባ ይከራከሩ ነበር። ኮንግረሱም እ.ኤ.አ. በ1985 ለአፍሪካ የ800 ሚሊዮን ዶላር የምግብና የሰብዓዊ ድጋፍ አጸደቀ።

የመጨረሻው ጉዞ

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ሌላንድ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ መጠለያ ጣቢያ በአውሮፕላን አመሩ። በጣቢያው ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ወላጅና ዘመድ አብሯቸው ያልነበረ ብዙ ሕፃናት ይገኙ ነበር። አውሮፕላኑ ግን ካሰበበት ሳይደርስ ቀረ። ከቀናት ፍለጋ በኋላ በምዕራብ ኢትዮጵያ በተራራማ ስፍራ ተከስክሶ ተገኘ። ሌላንድን ጨምሮ በውስጡ የነበሩት 16 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አልፏል። ከእነዚህም መካከል በሥራ ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስለሚገኙበት፣ ሐዘኑ የሁለቱም ሕዝቦች ነበር።

መታሰቢያ

በሂዩስተን የፌዴራል መንግሥት ሕንፃና የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤት ስማቸውን ይዘዋል፤ ትምህርት ቤቱ የሚጠራው ከባርባራ ጆርዳን ጋር በጣምራ ነው። በፊፍዝ ዋርድ የድሃውን ደጅ ያንኳኩ እንደራሴ፣ በመጨረሻም የተነሡት የመረጧቸው ነዋሪዎች ወዳልነበሩ፣ ድምፅ ሊሰጧቸው ወደማይችሉ ስደተኞች ነበር። ለሕዝብ አገልግሎት ትተውት ያለፉት አብነት ይኸው ነው።