የሰፈራችን የዳኝነት ቤቶች

ስለ ፍርድ ቤት ሕንጻ እንጽፋለን ስንል «ለዕድር ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ምክንያቱን ወደ ታች እናደርሰዋለን።

ዳኝነት በአገራችን ከሕንጻው በፊት የነበረ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ መንገደኛውን «ዳኘን» ይሉት ነበር። ዛፍ ጥላ ሥር በላ ልበልሃ ተባብለው ይሟገታሉ፤ ዋስ ይጠራሉ። ስለዚህ የጥንቱን ችሎት አሳዩን ብንባል የምንጠቁመው ግድግዳ ጥቂት ነው።

ለካዛንቺስ ሰው የሚቀርበው የምኒልክ ግቢ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ፤ የመጨረሻው አቤቱታ ግን ከዙፋን ችሎት አልወጣም። በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ጠቅላዩና ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከተቋቋሙ በኋላም ቢሆን ንጉሡ ዘንድ ይግባኝ የሚለው ብዙ ነበር። በዚያው ግቢ ምድር ቤት ደግሞ ደርግ የቀድሞ ሹማምንትን አሰረ፤ ብዙዎቹም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ለፍርድ ሳይቀርቡ ተረሸኑ። ግቢው ታድሶ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ተከፍቷል፤ ደግ ሥራ ነው እንላለን።

የቂርቆስና የካዛንቺስ የራሳችን ችሎት ግን ሌላ ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ያሠራበት ከነበረው ድርጅት ስም ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 104 የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ መጣ። ብዙ ቦታ የተወረሰው ቤት ሳሎን ችሎት ሆነ፤ ዳኞቹም የመረጥናቸው ጎረቤቶች። የአጥሩ፣ የስድቡ፣ የጥቃቅን ገንዘቡ ነገር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። (ዛሬ ስቀን ብናወራውም ያን ጊዜ ብዙ ሰው አስለቅሷል።)

የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ቅርስ ሲባል የሚታሰበን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ የቀበሌ አዳራሽን ማን ያስበዋል? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ሲመረቅ፣ በዚያው ሰሞን ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ይፈርስ ነበር፤ ከአባሎቻችንም ገላን ጉራ የገቡ አሉ። መንገድ አይሠራ አላልንም። የተፈረደብንና የተፈረደልን ቤት ከመፍረሱ በፊት ቢለካና ፎቶግራፍ ቢነሳ ግን ምን ነበረበት?

እንግዲህ የቀረን ወረቀቱ ነው። የሸንጎ ውሳኔ፣ መጥሪያ ወይም የአዳራሹ ፎቶግራፍ ያለው አባል ለዕድሩ ጸሐፊ ያሳይልን፤ ቅጂውን አስቀርተን ዋናውን እንመልሳለን። ገላን ጉራ ያላችሁት በመዋጮ ቀን ይዛችሁት ብትመጡ ይበቃል።