የጨረር ሕክምና ትምህርት፦ ከኮባልት ክፍል እስከ ኮምፒዩተር ክፍል

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የማኅፀን በር ካንሰር የተገኘባት የጨንቻ እናት ጨረር ለማግኘት ለብዙ ዓመታት የነበራት ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድረስ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ሥራ የጀመረው ይህ ክፍል ሃያ ዓመት ያህል የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል።

ክፍሉ የተጠቀመበት ኮባልት-60 ለካንሰር ሕክምና መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 በካናዳ ነው። የምንጩ ኃይል በየ5.3 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ባረጀ ቁጥር ለአንድ ሕመምተኛ የሚያስፈልገው ጊዜ ይረዝማል፤ ወረፋውም እንዲሁ። መሣሪያው አንድ ብቻ በሆነበት አገር ለተማሪ ልምምድ የሚሰጥ ሰዓት ከሕመምተኛ ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነው።

ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ የተገኘው በእንግሊዝ አገር በኸል ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2000ዎቹ የተሠራው «ቨርት» የተባለ ፕሮግራም የሕክምናውን ክፍል በእውነተኛ መጠኑ በሰፊ ስክሪን ላይ ያሳያል። ተማሪው ልዩ መነጽር አድርጎ፣ የመሣሪያውን መቆጣጠሪያ በእጁ ይዞ አልጋውን ያንቀሳቅሳል። ጨረሩ በሰውነት ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ፣ አልጋው ከቦታው ሲዛነፍም ፊኛና አንጀት ምን ያህል እንደሚነኩ ይመለከታል። ቢሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም።

ከጥቁር አንበሳ ቀጥሎ ጅማም የጨረር መሣሪያ አግኝታለች። ጥር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ «የተስፋ ጨረሮች» የተሰኘውን መርሐ ግብር በአዲስ አበባ ይፋ አድርጓል። ሆኖም መሣሪያ ያለ ሠለጠነ ባለሙያ አያክምም፤ ልምምዱ በኮምፒዩተር መጀመሩም ለሕመምተኞች ጊዜ ያተርፋል። የስክሪን ላይ ሕመምተኛ ግን አይፈራም፣ አያቃስትም። ከሩቅ የመጣችን እናት ማረጋጋት የሚለመደው ከእርሷው አልጋ አጠገብ ነው።