መለኪያው የማን ፊት ነው? የካሜራ ተስፋ ታሪክ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆሴ

አዲስ የባለሙያ ካሜራ ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር ፎቶግራፍ አንሺዎች የምኞት ዝርዝር ያወጣሉ። በዝርዝሩ ራስ ላይ ዘወትር የሚገኙት የታወቁ ናቸው፦ የፒክስል ብዛት፣ በሰከንድ የሚነሣው የፎቶ ቁጥር፣ በደብዛዛ ብርሃን የማየት ዐቅም፣ የባትሪ ዕድሜ፣ ዋጋ። ሁሉም ተገቢ ምኞቶች ናቸው። ነገር ግን ካሜራው ከፋብሪካ ከመውጣቱ አስቀድሞ መልስ የተሰጠው አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ትክክለኛ» ፎቶ የሚባለው በማን ፊት ተለክቶ ነው? ይህ ጥያቄ በምኞት ዝርዝሮች ላይ እምብዛም አይጻፍም፤ መልሱ ግን በእያንዳንዱ ምስል ላይ ይታያል። ታሪኩን ለመከታተል ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የተሻለ ስፍራ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ኦክላንድና ሳን ሆሴ በታሪኩ ሁለት ጫፎች ላይ ቆመዋልና። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳኝነቱ በእጅ ሳለ

በ1932 በኦክላንድ ብሮክኸርስት ጎዳና በሚገኘው የዊላርድ ቫን ዳይክ ስቱዲዮ የሚሰበሰቡ ፎቶግራፍ አንሺዎች «ኤፍ 64» የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ከመካከላቸው አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተንና ኢሞጀን ከኒንግሃም ይገኙበታል። ስያሜው የተወሰደው ከሌንስ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቀዳዳው እጅግ ሲጠብ ከቅርብ ያለው ድንጋይም ከሩቅ ያለው ተራራም እኩል ጠርተው ይታያሉ። ቡድኑ በዚያው ዓመት በኖቬምበር በሳን ፍራንሲስኮው ደ ያንግ ሙዚየም ባቀረበው ዐውደ ርእይ ላይ፣ ፎቶግራፍ ሥዕልን ለመምሰል ሲል መደብዘዝ እንደሌለበትና በራሱ ባሕርይ መቆም እንዳለበት ዐወጀ። የዚያ ትውልድ ተስፋ ጥራት ነበር።

አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር በ1940 ገደማ ያዘጋጀው «የዞን ሥርዓት» ይህንን ተስፋ ወደ አሠራር ለወጠው። ከድፍን ጥቁር እስከ ድፍን ነጭ ያለው ብርሃን በደረጃ ይከፈላል፤ አንሺው የትኛው ነገር በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይወስናል። በአዳምስ ማስተማሪያ የነጭ ሰው ቆዳ ስድስተኛውን ደረጃ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ አምስተኛውን ይዟል። ክፍፍሉ ሻካራ ነው፤ ጥቁር የተባለ ቆዳ ሁሉ አንድ አይደለምና። ቢሆንም ሥርዓቱ ሁለት ፊቶች ሁለት ስፍራ እንደሚሹ ያውቃል፤ ፍርዱንም ለአንሺው ይተዋል።

በአዲስ አበባም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ በአንድ ቤተሰብ እጅ አቆይተዋል። በእንዲህ ያለ ፎቶ ቤት ብርሃኑን የሚያስተካክለው፣ ፊልሙን የሚያጥበውና ወረቀቱ ላይ የሚያትመው ያው ቤት ነው። የሚነሣው ሰው ቀይ ዳማም ይሁን ጠይም፣ መለኪያው ከፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው እንጂ ከሩቅ አገር የመጣ ናሙና አልነበረም።

ዳኝነቱ ወደ ፋብሪካ ሲሄድ

የቀለም ፊልም ይህንን ሥርዓት ለወጠው። ኬሚስትሪው ውስብስብ ስለ ነበር ማጠቡና ማተሙ ከአንሺው እጅ ወጣ። በ1954 ኮዳክ በአሜሪካ የፀረ ሞኖፖል ሕግ መሠረት ከመንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት፣ የእጥበቱን ዋጋ ከቀለም ፊልሙ ዋጋ ጋር አጣምሮ መሸጡን አቆመ። በዚህም ገበያው ለሌሎች እጥበት ቤቶች ተከፈተ። ለእነዚህ ቤቶች ማመሳከሪያ ሆኖ የተሠራጨው ካርድ ደማቅ ልብስ የለበሰች ነጭ ሴት ምስል ነበረበት፤ በኩባንያው ትሠራ በነበረች ሞዴል ስም «ሸርሊ» ተባለ። ባለሙያው ማሽኑን የሚያስተካክለው የሸርሊ ቆዳ ደኅና መስሎ እስኪታይ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታተመው ሌላው ፊት ሁሉ በእርሷ ልክ ይዳኛል።

ለፖሊሲ ሰው እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ። ውድድርን ለመክፈት የተወሰደው ርምጃ መለኪያውን አልከፈተም፤ ገበያው ሲበዛ ያው አንድ መለኪያ አብሮ በዛ እንጂ። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ኮዳክ የቡናማ ቀለማትን ልዩነት እንዲያሻሽል ጎልቶ የተሰማው ግፊት የመጣው ከቸኮሌትና ከእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበር። ማስታወቂያቸው የጥቁሩን ቸኮሌት ከወተት ቸኮሌቱ፣ አንዱን እንጨት ከሌላው ለይቶ ማሳየት አልቻለም ነበር። የሰዎች ቅሬታ ያላስከፈተውን በር የደንበኛ ገንዘብ አስከፈተው።

ከኩባንያ ውስጥ የተነሣ ድምፅም ታይቷል። በ1970 የፖላሮይድ ሠራተኞች የነበሩት ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊልያምስ፣ የድርጅታቸው የመታወቂያ ፎቶ መሣሪያ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮችን ለሚቆጣጠረው የይለፍ ደብተር እንደሚውል ደርሰውበት የማዕቀብ ዘመቻ ጀመሩ። ሃንተር ከሥራ ተሰናበቱ፤ ኩባንያው ግን በ1977 ከደቡብ አፍሪካ ወጣ። አንድ መሣሪያ ለማን ጥቅም እንደሚውል መጠየቅ የሠሪው ባለሙያም ድርሻ መሆኑን ያስመሰከረ ክንውን ነበር።

የሳን ሆሴው ሙከራ

የዲጂታል ዘመን ሲመጣ ፍርዱ ወደ ሲሊከን ገባ። አብዛኞቹ ሴንሰሮች የሚሠሩት የኮዳኩ ብራይስ ባየር በ1976 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ከአረንጓዴ፣ ከቀይና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ያያል፤ የጎደሉትን ሁለቱን ካሜራው ከጎረቤት ፒክስሎች ገምቶ ይሞላል። በ1997 የካልቴኩ ፕሮፌሰር ካርቨር ሚድና ባልደረቦቻቸው የመሠረቱት፣ በኋላም ሳን ሆሴን መቀመጫው ያደረገው ፎቪዮን ይህንን ግምት ለማስቀረት ተነሣ። ሲሊከን ሰማያዊ ብርሃንን ከላይ፣ አረንጓዴን ከመካከል፣ ቀይን ከጥልቁ ስለሚውጥ፣ ሦስቱን ቀለማት በአንድ ነጥብ ላይ በንብርብር ማንበብ ይቻላል ብሎ ተነሣ፤ ይህንንም በሥራ አሳየ። በሴንሰሩ የተሠራው የመጀመሪያው ካሜራ፣ የጃፓኑ ሲግማ ኤስዲ9፣ በ2002 ለገበያ ቀረበ። ሲግማም በ2008 ድርጅቱን ጠቅልሎ ገዛው።

በጥሩ ብርሃን የተነሡት ምስሎች ጥልቀት ያላቸው ስለ ነበሩ ካሜራው ታማኝ ወዳጆች አፈራ። ችግሩ በደብዛዛ ብርሃን ነበር። ንብርብሮቹ የሚያዩት ቀለም እርስ በርስ ስለሚደራረብ፣ ለመለየት የሚደረገው ስሌት እንከኑንም አብሮ ያጎላዋል፤ ምስሉም ይሻክራል። ዋጋውም ፈተና ሆነ። በ2011 ወደ 7,000 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ የቀረበው ኤስዲ1፣ በማግሥቱ ዓመት የሴንሰሩን ፈልሳፊ ሪቻርድ ሜሪልን በሚዘክር ስም ሲመለስ ዋጋው ወደ ሲሶ ወርዶ ነበር። ሲግማ በ2018 ትልቅ፣ ማለትም ባለ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ያለው ፎቪዮን ካሜራ እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ በ2021 ግን ልማቱን ከመሠረቱ እንደሚጀምር ገለጠ። ከዚያ ወዲህ ይህ ካሜራ የብዙ አንሺዎች የተስፋ ቀጠሮ ሆኖ ቆይቷል።

የሙከራው ትምህርት ግልጽ ነው። «እውነተኛ ቀለም» የሚለው ምኞት ብቻውን አይበቃም፤ በየትኛው ብርሃን፣ ለማን ፊት የሚለው አብሮት መጠየቅ አለበት።

ነጠላና ጠይም ፊት

በኦክላንድና በሳን ሆሴ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የሠርግ ወይም የበዓል ፎቶግራፍ አንሺ ይህንን ጥያቄ በየሳምንቱ ይጋፈጠዋል። ሙሽራዋ ነጭ ጥበብ ለብሳለች፤ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ። አማቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበዋል፤ ከአንድ ቤተሰብ ጠይሙም፣ ቀይ ዳማውም፣ ጥቁሩም በአንድ ረድፍ ቆመዋል። የካሜራ የብርሃን መለኪያ በመሠረቱ የተቃኘው ፊት ለፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ነው። ነጩ ልብስ ምስሉን ሲሞላ መለኪያው ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱም ጥላ ይሆናል። አንሺው ፊቱን ለማዳን ብርሃን ሲጨምር የጥበቡ ጥልፍ በነጭነት ይጠፋል። በቤተ ክርስቲያን፣ በጧፍ ብርሃን ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ፈተናዎች በአንድነት ይመጣሉ።

ስለዚህ ለዚህ ባለሙያ ከድፍን ጥላ እስከ ደማቅ ነጭ ያለውን ርቀት በአንድ ምስል የመያዝ ዐቅም ከቅንጦት አይቆጠርም። የጠፋው ፊት የአያት ፊት ሊሆን ይችላል፤ ከአገር የመጡት ለአንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል። የስደተኛ ማኅበረሰብ መዝገብ የሚጠራቀመው በአብዛኛው በእነዚህ ፎቶዎች ነው።

ከሳን ሆሴ ጥቂት ማይል ርቆ በማውንቴን ቪው የሚገኘው ጉግል፣ በ2021 ከፒክስል 6 ስልክ ጋር «ሪል ቶን» የተባለውን አሠራር ሲያወጣ ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሰዎች በማንሣት የታወቁ ባለሙያዎችን አማክሮ የሙከራ ምስሎቹን ስብስብ አስፍቷል። በ2022 ደግሞ የሃርቫርዱ የሶሲዮሎጂ ምሁር ኤሊስ መንክ ያዘጋጁትን ባለ 10 ደረጃ የቆዳ ቀለም መለኪያ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ቀድሞ በሰፊው ይሠራበት የነበረው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ 6 ደረጃ ብቻ የነበረው ሲሆን፣ የተሠራውም ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠውን ምላሽ ለመመደብ ነበር። ርምጃው የሚያሳየው መለኪያ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ነው። ሰው ያወጣዋል፤ ሰው ሊያሰፋውም ይችላል።

ከቀጣዩ ካሜራ የሚጠበቀው

ይህ ታሪክ ለመጪው የባለሙያ ካሜራ ሦስት ምኞቶችን ያቀብላል። የመጀመሪያው የሙከራ ግልጽነት ነው። አምራቹ የፒክስሉን ቁጥር እንደሚነግረው ሁሉ፣ የፊት መለያውና የብርሃን መለኪያው በየትኞቹ የቆዳ ቀለማትና በምን ዓይነት ልብስ እንደ ተፈተነ ይንገር።

ሁለተኛው ስም ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ተካትቷል። የካሜራ ምስል ስለ ራሱ የሚይዘው መረጃ የሚጻፍበት ኤግዚፍ የተባለው ደረጃ ግን የአንሺውን ስም በመሠረታዊ የላቲን ፊደላት ብቻ እንዲጻፍ ሲያዝ ኖሯል፤ ዩኒኮድን የፈቀደው በ2023 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ሃያ አራት ዓመት ማለት ነው። መፍቀድም ማስገደድ አይደለም፤ አንሺው ስሙን በፊደሉ ካሜራው ላይ መጻፍ መቻሉ አሁንም የአምራቹ ምርጫ ነው።

ሦስተኛው የእውነተኛነት ማረጋገጫ ነው። መቀመጫው ሳን ሆሴ የሆነው አዶቢ በ2019 የጀመረው የምስልን ምንጭ የማረጋገጥ ጥረት በ2023 በላይካ ኤም 11 ፒ ካሜራ ውስጥ ገብቷል፤ ምስሉ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ በዲጂታል ፊርማ ይታሸጋል። የሌላ አገርና የሌላ ዘመን ፎቶ የዛሬ ማስረጃ ተደርጎ ሲሠራጭ ለኖረበት የኢትዮጵያ የግጭት ዜና የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። አደጋውም እንዲሁ፤ ምስሉን የሚያረጋግጠው ፊርማ አንሺውን ለአሳዳጅ አሳልፎ መስጠት የለበትም። ስለዚህ ምኞቱ ሁለት ገጽ አለው፦ ምስሉ ይታመን፤ አንሺው ይሸሸግ።

እነዚህ ምኞቶች በደንበኛ አስተያየት መስጫ ብቻ አይሟሉም። ሸርሊን ያሰፋው የገዢ ጉልበት ነበር፤ ፖላሮይድን ያንቀሳቀሰው የሠራተኛ ኅሊና፤ የግእዝን ፊደል በዩኒኮድ ያስገባው ደግሞ በደረጃ አውጪዎች ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ። ሦስቱም መንገዶች ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ላለ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ክፍት ናቸው። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የመረዳጃ ማኅበራት ከአባሎቻቸው ፈቃድ ጋር፣ በነጭ ልብስ፣ በቀትርና በጧፍ ብርሃን የተነሣ አነስተኛ የሙከራ ስብስብ አዘጋጅተው ለመሐንዲሶች ክፍት ቢያደርጉ ወጪው ጥቂት ነው። የሚቀጥለው ካሜራ በማን ፊት ይለካ የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው ካሜራው ከመሸጡ ዓመታት ቀድሞ ነው፤ ናሙናውን ማቅረብ የሚገባውም በዚያ ጊዜ ነው።