ሕገ መንግሥትን ማን ይተርጕም? ከጣና ዳር የተነሣ ጥያቄ

በጎንደርና በጣና ዙሪያ ባሉት የትርጓሜ ጉባኤዎች የመጽሐፍ መምህር ንባቡን አስነብቦ አንድ ፍች ከሰጠ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላ ይጨምራል። ፍትሐ ነገሥትም የተጠናው በዚሁ ሥርዓት ነው። መምህሩ ግን እንደ ልቡ አይናገርም፤ ንባቡም የቀደሙት ሊቃውንት ቃልም ይይዘዋል። ለሕገ መንግሥታችን እንዲህ ያለ የሠለጠነ ተርጓሚ አግኝተንለታልን?

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሕግን መርምሮ የሚሽር ዳኛ አላቆመም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ግን በአንቀጽ 122 ራሱን የበላይ ሕግ አድርጎ፥ ከእርሱ ጋር የማይስማማ ሕግ፥ ትእዛዝና ፍርድ ሁሉ ዋጋ እንዳይኖረው ደነገገ። ማን «ዋጋ የለውም» እንደሚል ሳይናገር አለፈ። የአሜሪካም ሕገ መንግሥት ይህን በግልጽ አልተናገረም፤ ዋና ዳኛው ማርሻል ግን እ.ኤ.አ. በ1803 ሥልጣኑ የፍርድ ቤት ነው ብለው ፈረዱ። ከፍርድ ቤቶች ሁሉ በላይ ዙፋን ችሎት በሚያስችልበት አገር እንዲህ የሚደፍር ዳኛ ከየት ይምጣ? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሕገ መንግሥቱን ሲያግድ ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መልሱን በግልጽ ሰጠ፤ ክርክሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 83)። አሥራ አንድ አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ይመረምራል፥ ምክር ቤቱ ይወስናል። የአማራ ክልልም ከወረዳና ከብሔረሰብ ምክር ቤቶች ለሚወከሉ ሰዎች ኮሚሽን ተመሳሳይ ሥልጣን ሰጥቷል። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ከሆነ ተርጓሚዎቹም እነርሱ ይሁኑ ነው። ይሁን እንጂ ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፥ ምክር ቤቱ በትርጉም ካራዘማቸው የሥራ ዘመኖች አንዱ የራሱ ነበር። ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም የሚለውን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ከባድ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመደበኛው ዳኛ ዝምታ ነው። አንቀጽ 13 መሠረታዊ መብቶችን የማክበርና የማስከበር ግዴታ በፍርድ ቤቶችም ላይ ጥሏል። የባሕር ዳር ዳኛ ሳይተረጕም መብትን እንዴት ያስከብራል? አንቀጽ 83 የወሰደበት «የሕገ መንግሥት ክርክርን» መወሰን እንጂ ቃሉን አንብቦ መረዳትን አይመስለኝም። በአንድ የውርስ ጉዳይ አንዲት ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘትን ተቃውማ ነበር። አንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ እንደሆነ ይላል፤ ለዚህ ጥልቅ «አንድም» አያስፈልገውም። ሆኖም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ደርሳ የሰማት አልነበረም፤ ፍርዱ የተሻረላት በ1996 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ያ አንቀጽ ግን ጉዳዩን ባዩት ዳኞች ሁሉ ፊት ነበር።