የሃጉሮ ተራራ በር

በሰሜን ጃፓን ያማጋታ ወደሚገኘው የሃጉሮ ተራራ መቅደስ የሄድኩት ጥንታዊውን የሺንቶ እምነት ሳይበረዝ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። እስከ ጫፉ 2,446 የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤ ጉልበቴ ቁጥሩን እስካሁን አልረሳውም።

በሩን አልፌ ብዙም ሳልርቅ፣ ከረጃጅም ዛፎች መካከል ባለ አምስት ደርብ ፓጎዳ አየሁ። ፓጎዳ የቡድሂስቶች ሕንፃ ነው። ታዲያ በሺንቶ መቅደስ ቅጥር ውስጥ ምን ይሠራል?

ለዘመናት በዚህ ተራራ የሺንቶ አማልክትና ቡድሃ በአንድነት ይመለኩ ነበር፤ ሹጌንዶ የሚባለው የተራራ ምናኔም እዚሁ ሰፍኖ ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. የሜይጂ መንግሥት ሁለቱ እምነቶች እንዲለዩ አዘዘ፤ በ1872 ሹጌንዶን ራሱን ከለከለ። ሃጉሮ የሺንቶ ብቻ ሆነ። ብዙ የቡድሂስት ሕንፃዎች ጠፉ፤ ፓጎዳው ተረፈ። የቡድሂዝም ዘቦች ሐውልት የቆመበት በርም ዘቦቹንም ስሙንም ለወጠ፤ ዛሬ ዙይሺንሞን ይባላል።

ይህ መቅደሱን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ምእመናኑ ዛሬም ከልባቸው ይጸልያሉ። «ያልተበረዘ» ያልኩት መልክ ግን፣ ቢያንስ በከፊል፣ የአንድ መንግሥት ትእዛዝ ውጤት ነበር።

ስወርድ በሩ ሥር ቆሜ አዲሶቹን ዘቦች አስተውዬ ተመለከትኳቸው። ስገባ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም ነበር።