ከዓይን ማዝ እስከ ዶሮ ቆጥ፦ የክላሚድያ ምርመራና የመርማሪው ደኅንነት



በምዕራብ ጎጃም ክላሚድያ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበን የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንደነበረባቸው አሳይቷል። የዚሁ ተህዋሲ የቅርብ ዘመዶች ግን በአዕዋፍና በድመት ላይም ይኖራሉ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ዶሮው በቆጡ፣ ድመቷ በምድጃው ዳር፣ ሰውም በመደቡ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። እንዲህ ያለውን እንስሳ የሚመረምር ሰው ራሱንና ሌላውን እንዴት ይጠብቃል? መልሱን ከታሪክ እንፈልግ።

እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 ከበቀቀን የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ በብዙ አገሮች ተዛመተ። በዋሽንግተን በሚገኘው የመንግሥት ቤተ ሙከራ ቻርልስ አርምስትሮንግና ረዳቱ ሄንሪ አንደርሰን የታመሙ ወፎችን መመርመር ጀመሩ። አንደርሰን ሞተ፤ አርምስትሮንግም ታመመ፤ ወደ ወፎቹ ክፍል ያልገቡ ሠራተኞች ሳይቀሩ ተያዙ። በመጨረሻ ኃላፊው ጆርጅ ማኮይ ወፎቹን በገዛ እጁ ገደለ፤ ሕንጻውም በመርዛማ ጭስ ታጠነ። ተህዋሲው በደረቀ ኩስና በላባ ብናኝ አማካይነት በአየር ይጓዛል።

ክላሚድያ ከሕያው ሕዋስ ውጭ ስለማይራባ የዚያ ዘመን መርማሪዎች በሕያው እንስሳ፣ በኋላም በጫጩት እንቁላል ውስጥ ያራቡት ነበር። የዛሬው የፒ.ሲ.አር. ምርመራ የሚፈልገው የተህዋሲውን ዘረመል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ናሙናውን ተህዋሲውን በሚገድል ፈሳሽ ውስጥ ማኖር ይቻላል።

ሆኖም አደጋው የሚጀምረው ከጠርሙሱ አስቀድሞ፣ ከቆጡ ሥር ነው። ደረቅ ኩስ አይጠረግም፤ አስቀድሞ በፀረ ተህዋስያን ይረጥባል። የሞተ ዶሮ ላባው ሳይርስ አይከፈትም። ጓንት፣ መነጽርና ብናኝ የሚያጣራ ጭምብል ግድ ናቸው። ወፍ ተህዋሲውን ሁልጊዜ ስለማታወጣ ናሙናው ከጉሮሮዋና ከኩስ መውጫዋ ለተከታታይ ቀናት ይወሰዳል። ከድመት ደግሞ የዓይን ፈሳሽ ብቻ አይበቃም፤ ተህዋሲው በሕዋስ ውስጥ ነውና የዓይን ቆቧ ውስጠኛ ገጽ በጥጥ ዘንግ ጠበቅ ተደርጎ ይታበሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። መርማሪው ተሸፋፍኖ ሳለ ዶሮዋን በባዶ እጇ የምትይዝለት አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት፤ ሕፃናቱም ዙሪያውን ከብበው ያያሉ። በ1930 የታመሙት ወፍ የነኩት ብቻ አልነበሩም። ስለዚህ ወደ መንደር ስትወጡ ትርፍ ጭምብልና ጓንት ያዙ፤ ሕፃናቱን አርቁ፤ ሥራውንም ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አከናውኑ። ውጤቱንም መልሳችሁ ለባለቤቶቹ ንገሯቸው፤ በሽታው በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናልና።